ለጨዋታ የተነፋ ጥሩንባ

ጎንደር፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ሰውአገኝ፣
ማልሞ

እንዴት ሰንብተሃል? የስዊድን ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ጌታ ይመስገን አለን። የፈራኸው አይድረስብህ፣ የተመኘኸው አይራቅህ፣ እመብርሃን በሄድክበት ትከተልህ።

በእጅ ጽፌ ስለላክሁ አትሣቅብኝ። ኢንተርኔት የለንም ማለት ይቀላል፤ ስልክ ደግሞ ለሰላምታ እንጂ ለወሬ አይሆንም። ለምን እንደሆነ አንተም በስልክ አትጠይቀኝ። ይህን ወደ አዲስ አበባ ለሚበር ሰው እሰጠዋለሁ፣ እዚያ ያለችው እህቴ ዓይናዲስ ፎቶ አንሥታ ትልክልሃለች። መልስህንም እሷ አትማ በሰው ትሰድልኛለች።

የተነሣሁበትን ልንገርህ። የወንድምህ የአስማረ ልጅ ውቢት እኔ ቤት ሆና አሥራ አንደኛ ክፍል እንደምትማር ታውቃለህ። እኔ ኮምፒዩተር በማስተምርበት ትምህርት ቤት እሷና ሦስት ጓደኞቿ፣ ማስተዋል፣ እስጢፋኖስና ሰብለ ወንጌል፣ የኮምፒዩተር ጨዋታ እየሠሩ ነው። የዓመቱ ፕሮጀክታቸው ነው። ጥር መጨረሻ ላይ ለተማሪውና ለመምህራኑ ያሳያሉ፤ ከዚያም እያንዳንዳቸው ቆመው ምን እንዳሰቡ፣ የት እንደተሳሳቱ፣ ምን እንደተማሩ ይናገራሉ።

የጨዋታው ስም «ዛሬ መንገድ አለ?» ነው። እዚህ ሰው ሁሉ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ የሚጠይቀው ነገር ነውና ሌላ ስም አልፈለጉም። አንዲት ተማሪ ከከተማ ተነሥታ ገጠር ቤቷ መግባት አለባት። መንገዱ በየጊዜው ይዘጋል። የባጃጅ ሹፌሩን፣ ጌሾ ሻጯን፣ ሊስትሮውን እየጠየቀች ትሄዳለች፤ አንዱ ክፍት ነው ይላታል፣ ሌላው ዝግ ነው ይላታል። የተሳሳተውን ካመነች ትሸነፋለች፤ «እንደገና ሞክር» የሚል ጽሑፍ ይወጣል።

ችግሩ፣ መሸነፉ ማንንም አያስደነግጥም። ተሸናፊው ይሥቅና እንደገና ይጫነዋል። ውቢት በዚህ ስትብሰለሰል ምግብም አልበላ ብሏታል። «አጎቴ በዚሁ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነው፤ ምነው አትጠይቂውም?» ትለኛለች። ይኸው ጠየቅሁህ። እኔ ኮምፒዩተር ባስተምርም ከዳማ በላይ ጨዋታ አላውቅም።

አስማረንና ሚስቱን ሰርካለምን ከመስከረም ወዲህ አላየኋቸውም። እነሱ ያሉበት ኮሶዬ ኔትወርክ የለም። ከዚያ የመጣ ሰው ግን ደህና ናቸው ብሎኛል።

እህትህ የትነበርሽ


ማልሞ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለየትነበርሽ

ሰላምታዬ ከደጃፍሽ ተነሥቶ እስከ ጓዳሽ ይድረስ፤ በቤትሽ ያለውን ሁሉ አምላክ በጥላው ይክደንልሽ።

አያቶቻችን እህትማማች ነበሩ፤ ከሁለቱም ግን እንዲህ ያለ የእጅ ጽሑፍ የሚወረስ አይመስለኝም። ፎቶውን እያጎላሁ ስፈታው እሑዴን በላብኝ።

ውቢት አጎቷን ከፍ አድርጋዋለች። እኔ ጨዋታ የምሠራ ሰው አይደለሁም፤ ሌሎች የሠሩትን ስጫወት ውዬ ስሕተት የምለቅም ነኝ። ግን ይህን ያህል ዓመት ስለቅም የገባኝን ልንገራቸው። ከእንግዲህ አዲስ ነገር አይጨምሩ። ልጆች ፕሮጀክት የማይጨርሱት ስለሰነፉ ሳይሆን ሲያምርላቸው ጊዜ ሌላ በር፣ ሌላ ሰው፣ ሌላ ወንዝ እያሉ ስለሚቀጥሉበት ነው። ያለውን ይዘው ይጨርሱ። ከዚያ ጨዋታውን አይቶ የማያውቅ ሰው ያስቀምጡና ከኋላው ይቁሙ። አፋቸውን ይዝጉ። «እዚያ ጋ ተጫን» ያለ ከክፍል ይውጣ። ስክሪኑን ሳይሆን የሰውየውን እጅ ይመልከቱ፤ እጁ የሚያመነታበት ቦታ ላይ የእነሱ ስሕተት አለ።

መሸነፉ ያላስደነገጠው ድምፅ ስለሌለው ነው። ጽሑፍ ሰውን አያስደነግጥም። ከኢንተርኔት የተለቀመ የፈረንጅ ድምፅ ደግሞ እንዳያስገቡ። ከሰፈራቸው ይቅዱ። የጎንደር ሰው ሲሰማው የያዘውን ትቶ ቀና የሚልበት ድምፅ መኖር አለበት። እሱን ያገኙ ቀን ጨዋታቸው አለቀ በያቸው።

ቆመው ሲናገሩም «ብዙ ተምረናል፣ እናመሰግናለን» ብለው እንዳይቀመጡብሽ። ልትሠሩ ያሰባችሁት ምን ነበር፣ የሠራችሁት ምን ሆነ፣ ከእጃችሁ ከወጣ በኋላስ ሰው ላይ ምን አደረገ ብለሽ ያዣቸው። የመጨረሻውን ጥያቄ እዚህ ትልልቆቹ ጨዋታ ሠሪዎችም ይሸሹታል።

ደግሞ ስደውልልሽ «ደህና ነን» ብለሽ የምትዘጊበት ፍጥነት አላማረኝም። ውቢትን ሳሚልኝ።

ሰውአገኝ


ጎንደር፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ሰውአገኝ

ሰላምህ ይብዛ፤ አምላክ ከክፉ ወሬ ይሰውርህ። እኛ አለን።

እንዳልኸው የሰፈር ድምፅ ፈለጉ። ውቢት ያገኘችው የእድራችንን ጥሩንባ ነው። ከሄድህ ቆይተሃልና ላስታውስህ፦ ጥሩንባ ነፊው አያ ዳኛው ማለዳ ሲነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ሰፈሩ የሟቹን ስም ለመስማት ይወጣል። ልጅቱ ሄዳ ንፉልኝና በስልኬ ልቅዳው ብላ ለመነችው። «ያለ ሟች ጥሩንባ አይነፋም፣ ልጄ። እንኳን ለጨዋታ፣ ለሠርግም ነፍቼው አላውቅ» ብሎ መለሳት። እሷ ግን አጎቷን መስላለች መሰል፣ አልተወችም። ከገና በኋላ እማሆይ ሽታዬ ሲያርፉ አያ ዳኛው ነፋ፤ በመስኮት ቀዳችው። የሟቿን ስም ቆርጣ ጥሩንባውን ብቻ አስቀረች። ስታሰማኝ ሳላስበው ነጠላዬን አነሣሁ። «ይሄ ነው» አልኋት። እኔ ነኝ ያልኋት።

የማሳያው ቀን ጥር 29 ነበር። ልጆቹ ኮምፒዩተሩን ከሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኙት። አዳራሽ ውስጥ ብቻ የሚሰማ መስሏቸዋል፤ ግቢው ምሰሶ ላይ የተሰቀሉትም አብረው እንደሚከፈቱ እኔም ልብ አላልሁም። መጀመሪያ የተጫወተው የሒሳብ መምህሩ ነው፤ ሊስትሮውን አምኖ ወዲያው ተሸነፈ። ጥሩንባው ተነፋ። አዳራሹ ሁሉ ቀና አለ፤ ከዚያ ተማሪው ሁሉ ሣቀ፣ አጨበጨበ። ውቢትን አየኋት፤ እንደዚያ ስትደሰት አይቻት አላውቅም።

እያጨበጨብን ሳለ ከውጭ በር ጩኸት መጣ።

የሞት ጥሩንባ ከተማሪ ቤት ግቢ ሲነፋ፣ በዚህ ጊዜ፣ እናት ምን እንደምታስብ አንተው ፍረድ። ከቀሐ ወንዝ ማዶ ሳይቀር እየሮጡ መጡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የመጡም ነበሩ። ዘበኛው ደንግጦ በሩን ቆለፈው፤ መቆለፉ ነገሩን አባሰው። እያንዳንዷ የልጇን ስም እየጠራች ቆርቆሮውን ትደበድባለች። «የማን ነው? የማን ልጅ ነው?» ይላሉ። ሕዝብ ሲሰበሰብ የሚሆነው ደግሞ ሆነ፤ ተኩስ ተሰማ። ማን እንደተኮሰ አልጽፍልህም። ወደ ሰማይ ነው። ልጆቹን መሬት ላይ አስተኛናቸው።

የተጎዳ ሰው የለም። እስጢፋኖስ ደህና ነው። ማስተዋል ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል አልወጣውም እንጂ ደህና ነው። ሰብለ ወንጌልን እናቷ ከቤት አላስወጣ ብላታለች። ፕሮጀክቱ ቆሟል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። በደባርቅ መንገድ የሚሠራ ሹፌር ታውቃለህ? ወይም ኮሶዬ አካባቢ የሚደርስ ሰው? ለአስማረ መልእክት ነበረኝ። የሚያጣድፍ አይደለም። በስልክ አታንሣብኝ።

የትነበርሽ


ማልሞ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየትነበርሽ

እንደምን አለሽ። አምላክ ይጠብቅሽ።

የሦስት ልጆችን ደህንነት ስማቸውን እየጠራሽ ነገርሽኝ። የወንድሜን ልጅ ግን ዘለልሻት። መጀመሪያ ሳነብ አልታየኝም፤ ደግሜ ሳነብ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

ወንድሜ ጋ የምትልኪው የማያጣድፍ መልእክት ምንድን ነው? ማክሰኞ ደወልሁ፣ ውቢትን አቅርቢልኝ አልሁሽ፣ ገበያ ሄዳለች አልሽ። ሐሙስ ደወልሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ናት አልሽ። ትናንት ደግሞ ተኝታለች አልሽኝ፤ ገና ቀትር ነበር። እህቴ፣ ውሸት አትችይበትም፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ አትችይበትም።

ስለ ሹፌሩ የማውቃቸውን ሁሉ ጠይቄያለሁ። በዚያ መንገድ የሚሠራ የለም ይሉኛል። እውነቱን ጻፊልኝ፤ የፈለገው ቢሆን ጻፊልኝ።

ሰውአገኝ


ጎንደር፣ የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ ሰውአገኝ

ለሰላምታ የሚሆን አፍ የለኝም፤ ይቅር በለኝ።

ውቢት የለችም። ተኩሱ ሲያቆም ልጆቹን ከመሬት እያነሣሁ ስፈልጋት አጣኋት። በጓሮ አጥር ዘልላ ወጥታለች። ሰብለ ወንጌል አይታት «የት ትሄጃለሽ?» ብትላት ሳትዞር ሮጠች። እኔ ኀፍረት ነው ብዬ ነበር፤ የሰፈሩን እናት ሁሉ አስለቅሳ ፊቴን ማየት ፈርታ የሆነ ቦታ ተደብቃለች፣ ሲመሽ ትመጣለች አልሁ። አልመጣችም። ወንዙን ዳር ለዳር ሄጄበታለሁ። አብያተ ክርስቲያናቱን ዞሬያለሁ። ሆስፒታል ገብቼ፣ ሰው ሊገባበት የማይወደው ክፍል ድረስ አይቻለሁ። እዚያ አልነበረችም። ተመስገን ልበል አልበል እንኳ አላውቅም።

ያን የካቲት 1 ደብዳቤ የጻፍሁልህ ጠዋት አድርሼው ስመለስ በሬ ላይ አስማረ ቆሟል። ከኋላው ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘዋል። መኪና ስለሌለ ማሳ ለማሳ በእግር ነው የመጡት። ጋቢው እስከ ወገቡ ጭቃ ነው። ተቀመጥ ስለው አልቀመጥም አለ።

«አይ፣ እህቴ። ስጪኝና በጊዜ ልሂድበት» አለኝ።

«ምኑን?» አልሁት።

«ሬሳውን።»

አያ፣ ጥሩንባው በተነፋ ቀን በበራችን ያለፈ የመጨረሻ መኪና «እዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ ሞተ» የሚለውን ወሬ ይዞ ኮሶዬ ደርሷል። ኮሶዬ ደግሞ በእኛ ትምህርት ቤት የሚያውቁት ተማሪ ውቢትን ብቻ ነው። ሰርካለም ፀጉሯን ተላጭታ፣ ፊቷን ነጭታ ለቅሶ ተቀምጣለች።

አልሞተችም እንዳልለው የት እንዳለች አላውቅም። ሞታለች እንዳልለው አላየሁም። «ጥሩንባው የእውነት አይደለም፣ የልጆቹ ጨዋታ ነው» አልሁት። «የምን ጨዋታ?» አለኝ። የኮምፒዩተሩን ነገር ላስረዳው ጀመርሁ፤ እኔው ስናገር ለራሴ አልገባኝም። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ «ታዲያ ልጄ የት አለች?» አለ። ቃሬዛውን ባዶውን ተሸክመው በመጡበት ተመለሱ፤ መንገድ መንገዱን እየፈለጋት እንደሚሄድ ነግሮኛል።

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ በኩል ሰው አይወጣም፣ ሰው አይገባም። የተኩስ ድምፅ ብቻ ነው የሚመጣው። የሷንም የሱንም ወሬ አልሰማሁም። ለአንተ መዋሸቴን አውቃለሁ፤ ከጻፍሁት እውነት ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነው። አሁንም እፈራለሁ። በሬ በተንኳኳ ቁጥር ቃሬዛ የያዘ ሰው ይመስለኛል።

የትነበርሽ


ማልሞ፣ የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

የትነበርሽ

አምላክ ያጽናሽ፤ እኔንም ያጽናኝ።

ሰው የሚደነግጥበትን ድምፅ ፈልጉ ያልሁት እኔ ነኝ። እዚህ ሞቆኝ ተቀምጬ ነው ያልሁት። ሥራ አልገባሁም። ጨዋታ ከፍቼ ውስጡ ያለ ልጅ መሸነፍ ሲጀምር መልሼ እዘጋዋለሁ።

ጨዋታውን አጥፉት። ከኮምፒዩተሩም ከፍላሹም አጥፉት፣ አንድም ቅጂ እንዳይተርፍ።

ወሬ ስታገኚ ደውዪልኝ። ስልክ ላይ ሌላ አትናገሪ፤ «አለች» ወይም «የለችም» በዪኝ። ይበቃኛል። ለአስማረም እንደዚያው።

ሰውአገኝ


ጎንደር፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ሰውአገኝ

እንዴት ከረምህ? ያሳዘነህ አምላክ መልሶ ያጽናናህ፤ እንባህን ያበሰ እጁ ካንተ አይራቅ።

በመጋቢት «አለች፣ እሱም አለ» ብዬህ ስዘጋው ስታለቅስ ሰምቻለሁ። ከደባርቅ አቅጣጫ በእግሩ የመጣ አንድ ነጋዴ ነበር የነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ያልጻፍሁልህ ልጅቱ መጥታ ከራሷ አፍ እስክሰማ ነው። ከፋሲካ በኋላ መንገዱ ሲከፈት ከእናቷ ጋር መጣች።

ለካስ ያፈረች መስሎኝ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ለምን እንደሄደች ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦ «እናቶቹ በሩ ላይ የልጃቸውን ስም ሲጠሩ ሰማሁ። የእኔን የሚጠራ የለም፤ እማዬ ኮሶዬ ናት። ወሬው ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። ስልክ ቢኖር እደውል ነበር። ከወሬው ቀድሜ ልድረስላት ብዬ ሮጥሁ።»

አልቀደመችውም። መናኸሪያ ስትደርስ መኪናው ወጥቷል። በእግሯ ጀመረችው። ወለቃን እንዳለፈች ተኩስ መጣና አንዲት ባልቴት ጎትተው ቤታቸው አስገቧት፤ ድምፁ እስኪበርድ አትወጪም ብለው ቀናት አቆዩዋት። አባቷ ቃሬዛውን ይዞ በማሳው በኩል ሲያልፍ እሷ እዚያ ቤት ውስጥ ነበረች። መጨረሻ ላይ ቤቷ ስትደርስ ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቷል፤ አልቃሿ ስሟን እየጠራች ሙሾ ታወርዳለች። አጥሩ ላይ ቆማ የራሷን ለቅሶ ሰማች። መጀመሪያ ያየቻት ሰርካለም ናት። አልጮኸችም። ተነሥታ ሄደችና እጇን ያዘቻት። አስማረ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ተኩሱን ሸሽቶ ከተደበቀበት ወጥቶ ሲገባ፣ ልጁን እንጨት ስትፈልጥ አገኛት።

ጨዋታውን አጥፉ ያልኸኝን ለልጆቹ ነገርኋቸው። መጀመሪያ እድሩ ፊት ቆመው ይቅርታ ጠየቁ። አያ ዳኛው የውቢትን ስልክ አይቶ «አሁን እፊቴ አጥፊው» አላት፤ የጥሩንባውን ድምፅ አጠፋችው። የእድሩ ዳኞችም መረቋቸው። ጨዋታውን ግን ውቢት አላጠፋም አለች። ጥያቄዎችህን ስጠይቃት፣ ከእጃችሁ ወጥቶ ምን አደረገ ያልኸው ላይ ስትደርስ፣ «መንገድ ላይ ያለችዋን ልጅ ሠራን። ቤት የምትጠብቀዋን አልሠራናትም» አለች። ማስተዋል ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው ያን ቀን ነው፤ «እንጨምራት» አለ። አዲስ ነገር አትጨምሩ ማለትህን ለሁለቱም አስታውሻቸዋለሁ። አልሰሙኝም።

አሁን መንገዱ ሲዘጋ ተጫዋቹ እናትየዋን ይሆናል። እናትየዋ እስከ አጥሩ በር ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። የሚያልፈውን ሰው ትጠይቃለች፣ አላየሁም ይላታል። ሌላ የሚጫን ነገር የለም። ልጅቱ አንዳንዴ ትመጣለች፣ አንዳንዴ አትመጣም። ድምፅ የለውም። ባለፈው ዓርብ ጨርሰው አሳዩ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ያለ ማጉያ፣ እናቶቻቸውን ጠርተው።

ሰርካለም ኮምፒዩተር ነክታ አታውቅም። ቁልፏን አሳይተዋት ከኋላዋ ቆሙ። ሄደች፣ ተመለሰች፣ ሄደች፣ ተመለሰች። ፊቷ ላይ የነጨችው ጠባሳ አለ፤ ፀጉሯም ገና አጭር ነው። እንዳልኸው እጇን ነበር የማየው። አንድም ጊዜ አላመነታም።

«ምነው አትመጣ?» አለች።

ማንም አልመለሰላትም። አትናገሩ ተብለዋልና። ሰርካለም ደጋግማ ወጣች፣ ደጋግማ ገባች፤ በመጨረሻ ልጅቱ በአጥሩ በር ብቅ አለች። ሰርካለም እጇን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው። «ሸጋ አድርጋችሁ ሠርታችኋል» አለች፤ «ለሌላ እናት ግን አታሳዩብኝ።» ሌሎቹ እናቶች ግን ወረፋ ይዘው ቆመው ነበር።

አሁን ሰርካለም ኮሶዬ አልመለስም ብላለች። እርሻውን ለአስማረ ትታ እኔ ቤት ከውቢት ጋር ታድራለች። ጠዋት አብራት ትወጣለች፤ ልጅቱ ክፍል ስትገባ እሷ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃታለች። ዘበኛው አንድ ሁለቴ ወደ ቤትሽ ሂጂ አላት፤ ከዚያ ተዋት። ሰሞኑን የማስተዋል እናትም መጥታ አጠገቧ መቀመጥ ጀመረች። የሰብለ ወንጌልም እናት መጣች። ከእነሱ ቀጥሎ የመጡትን አላውቃቸውም። በሩን እያዩ ይቀመጣሉ፤ ደወል ሲደወል ይነሣሉ።

ትናንት እያስተማርሁ ሳለ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። በመስኮት አየኋቸው። አንዳቸውም አልተነሡም።

እህትህ የትነበርሽ